ሙሽሪት ውኃ ስትጠጣ

እህቴ ስትዳር ከመርሳ እስከ ሙሽራው አገር ግራና አብሬያት ሄድኩ። በዘጋቢነቴ ብዙ ነገር ተከታትያለሁ፤ የዚያን ዕለት የምከታተለው ግን የእሷን ጉልበት ነበር።

ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት አለ። ቀይ የደም ሕዋሶቿ እንደ ማጭድ ይጣመሙና የደም ሥሮቿን ይዘጋሉ፤ ያኔ አጥንቷ ይነድዳል። ወልድያ ያለው ሐኪሟ ውኃ በደንብ እንድትጠጣና ድካም እንዳታበዛ ይመክራታል። እኔ ሳያት እንደኖርኩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚጥላት “ሰነፍ” እንዳትባል ስትል ሳትጠጣ ሳታርፍ በዋለችበት ቀን ነው።

በእኛ አካባቢ ሙሽራ አማቶቿ ፊት አትበላም፣ አትጠጣም፤ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ቀኑ ሐሩር ነበር። ዳሱ ውስጥ ብዙም ሳትቆይ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ሕመሙ ሁልጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው። ውኃ ይዤ ጠጋ አልኩ።

“ጋሼ፣ ደብቀው!” አለችኝ በሹክሹክታ። “ሙሽራ ውኃ ትጋታለች እንድባል ነው?”

“ሆስፒታል ከምታድሪ ቢሉሽ ይሻላል።”

ለካ አማቷ፣ የሙሽራው እናት፣ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። “ምንድን ነው ሹክሹክታው?”

“እናቴ፣ ውኃ ከጎደላት ሕመሙ ይነሳባታል” አልኳቸው።

“ሕመሟንማ ልጄ ገና ሳያጫት ነግሮኛል። አፍራ በጥም እንደምትሞትብኝ ነው ያልነገረኝ!” ጆግ አስመጡ፤ መጀመሪያ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ቀጥለው ሚዜዎቹን በሙሉ አስጠጡ። “አንተም ጠጣ እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሁሉ ከጠጣ ማን ማንን ያማል?”

እህቴ በዓይነ ርግቧ ሥር ጠጣች፤ ደገመች። ከበሮ የያዙት ሴቶች ዝም ብለው አላለፏትም፦

“አትፈሪ ሙሽሪት፣ ጠጪ ደጋግመሽ፣
ጆጉን ይዛ መጣች ደጓ አማትሽ።”

ዳሱ በእልልታና በሳቅ ተናጋ። አማቷ ትራስ አስመጥተው እግሯን አስዘረጓት። ውኃ ብቻውን ሁልጊዜ ይበቃል አልልም፤ በቂ ያልሆነባቸውን ቀናትም አይቻለሁ። ያን ዕለት ግን እጇ ጉልበቷን ለቀቀ።

ትንሽ ቆይታ እጄን ጎተተችኝ። ደነገጥኩ።

“አመመሽ?”

“ኧረ አላመመኝም። ጋሼ፣ ያን ሁሉ ውኃ ጠጥቼ... ሽንት ቤቱ በየት ነው?”

አማቷ ሰምተው ኖሮ ሳቃቸው ቀደመ። “አልሐምዱሊላህ! መንገድ ልቀቁ፣ ሙሽራዬ ልታልፍ ነው!”

እህቴ የማንንም ትከሻ ሳትደገፍ ብድግ አለች፤ ሚዜዎቹ እያጨበጨቡ አጀቧት።