አባቴ ቁልፉን ያስረከበ ዕለት

ባለፈው ሰሞን መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ከማቅረቤ በፊት ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩ ጎማውን ሲፈታ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላ ሰው ፊቱን ያዞርበታል፤ እኔ ግን ቆሜ በረጅሙ ሳብኩት። ልጅ ሆኜ የማውቀው የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው።

በቤታችን ቋንቋ አባታችንን «አው»፣ እናታችንን «አይ» ነበር የምንላቸው። አው ከፈረስ መጋላ አደባባይ እየተነሳ ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ ታክሲ ነበረችው። የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሲመሽ አደባባዩ ላይ አቁሟት በእግሩ ይመጣል። ኮቴውን ስንሰማ የምንጫወትበትን ጠጠር በትነን እንሮጣለን። ኪሱ ውስጥ አንዳንዴ ኦቾሎኒ ይገኛል፤ ልብሱ ላይ ግን ሁልጊዜ ያ ሽታ አለ።

የምርመራው ጊዜ ሲቃረብ ቤቱ ይጨነቃል። ታክሲዋ ካላለፈች ቦሎ አይለጠፍላትም፤ ቦሎ ከሌላት አትሠራም፤ የእኛ እንጀራ ደግሞ እሷ ነበረች። ስለዚህ አው ወደ መካኒክ ከመሄዱ በፊት ራሱ ይፈትሻታል። መዳፉን በጎማው ላይ ያንሸራትታል፤ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ካገኘው የፊት እግሯ መስተካከል አለበት። ፔዳሉን ረግጦ ይይዝና ቀስ እያለ ከሰመጠበት የፍሬን ዘይት የሚፈሰው ከየት እንደሆነ ይፈልጋል። ከዚያ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ ይወስዳትና ቀስ ብሎ እየነዳ ፍሬን ይይዛል። ወደ አንድ ጎን ከጎተተችው የግራና የቀኙ ፍሬን እኩል እየያዘ አይደለም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ «ሙኒራ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ወጣን። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይገባል። መስኮቶቹን ሁሉ አስወረደኝና ፍሬን ያዘ።

«ምን ሰማሽ?» አለኝ።

«ቢላዋ ድንጋይ ላይ ሲሳል የሚመስል ድምፅ።»

«በየት በኩል?»

«በእኔ በኩል፣ ከፊት።»

እንደገና ነዳ፣ እንደገና ያዘ። ድምፁ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። እሱ ግን ዓይን ዓይኔን ያያል።

«አው፣ አንተ አትሰማውም እንዴ?»

ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። «ከረመዳን ወዲህ ቀጭን ድምፅ አይደርሰኝም» አለኝ። «ተሳፋሪ ወራጅ ሲል እንኳ በመስታወቱ አፉን እያየሁ ነው የማቆመው።»

«አይ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

አባቴን እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም። እጁን ያዝኩት።

በቀጥታ ወደ ጓደኛው ወደ ከማል ጋራዥ ሄድን። ከማል የፊት ቀኙን ጎማ ሲያወልቅ ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነበር። «ይሄ እኮ ሲጮህ ነው የከረመው፤ እንዴት ሳትሰማው?» አለው። እኔ በአባቴ ፋንታ አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ያልፈዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ «ጆሮዬ ደክሟል፣ ከማል። የሰማችው ልጄ ናት» አለ።

ሸራው በሁለቱም በኩል ተቀየረ፣ ታክሲዋም ምርመራውን አለፈች። የዚያን ዕለት አይ ደስ ብሏት ጥሩ እራት ሠራች። በልተን እጃችንን ስንታጠብ አው የታክሲዋን ቁልፍ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው።

«መኪናዋን መረመሯት፣ አለፈች። እኔን ግን ማንም አልመረመረኝም» አለ። «ፍሬን ሲጮህ የማልሰማ ሰው ነኝ። ከእንግዲህ የሰው ልጆች ጭኜ ቁልቁለት አልወርድም። ወንድምሽ ይንዳት።»

አይ ዞራ እኛን አየችን። «እነዚህስ ልጆች?» አለች።

«ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ቁልፉን አነሳችና «ደህና ሆነህ ስትገባልኝ ይበልጥብኛል። አልሐምዱሊላህ» አለችው።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። አጎታችን ታክሲዋን እየነዳ ከሚያገኘው ያካፍለን ነበር፤ ግን አይበቃም፤ በአሮጌ ደብተሮቻችን ላይ የተረፈውን ባዶ ገጽ እየፈለግን ጻፍንበት። አው በዚያ ዕድሜው ስፌት ሊማር መኪና ግርግር ገባ። የልብስ ስፌት መኪኖቹ ጫጫታ ስሙን ያወጣለት መንገድ ነው። ምሳ ሳደርስለት እየሳቀ «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን፤ ማንም ማንንም አይሰማም» ይለኝ ነበር። ውሎ አድሮ የራሱን ስፌት መኪና ገዛ፤ እኛም በዚያች መርፌ ተምረን ወጣን።

ዛሬ ከተማው በባጃጅ ተሞልቷል። ምርመራ ላይ የፍሬኑን አቅም ማሽን ለክቶ በወረቀት ያወጣዋል፤ ይህም ደግ ነገር ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ ቢኖር ኖሮ ሸራውን ያገኘው ነበር። ቁልፉን ከእጁ አውጥቶ ግን አያስቀምጥለትም ነበር። ልጅ ሆኜ ታክሲያችንን ያጣን ነበር የመሰለኝ። አሁን ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ቁልቁለት ስወርድ፣ ያን ምሽት የሰጠን ምን እንደሆነ ይገባኛል።

አው አርጅቷል፤ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም። ዓርብ ዓርብ መስጊድ የማደርሰው እኔ ነኝ። ቀበቶውን አስሬለት ሞተሩን ሳስነሳ አንዴ ፊቴን ያይና ጭንቅላቱን መቀመጫው ላይ ጣል ያደርጋል። ፈረስ መጋላን ሳናልፍ እንቅልፍ ይወስደዋል።