ከግንባሯ ላይ ያጠፋሁት

እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ወዲህ ከሰው ፊት ላይ ያላጠፋሁት ነገር የለም። ብጉር አጥፍቻለሁ፣ በሬ የወጋው ጠባሳ አጥፍቻለሁ፣ እርጅና አጥፍቻለሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከጎኑ የቆመችውን የድሮ እጮኛውን አጥፋልኝ ብሎ ለምኖኝ እሷንም አጥፍቼለታለሁ፤ ትከሻው ላይ የቀሩትን ጣቶቿን ግን ሳላያቸው አትሜ ሰጠሁት። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አሁን የምጽፈውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ሙያውን የተማርሁት ዳንግላ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሐይቅና መርከብ የተሳለበት አቡጀዴ ተዘርግቶ ነበር፤ ከጋሪ የወረደ ሁሉ አቧራውን አራግፎ መርከቡ ፊት ይቆማል። አንድ ኮትና አንድ ከረባት ነበሯቸው። ኮቷ ሰፊ ስለሆነች ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ትያዛለች፤ በዚያ ዘመን ዳንግላ ላይ ፎቶ የተነሳ ወንድ ሁሉ የለበሰው ያችኑ ኮት ነው። ፊልሙ ባሕር ዳር ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ሳምንት ይጠበቃል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ጨፍኖ ይወጣል፣ ምንም አይደረግለትም። ሰው ሲያጉረመርምባቸው ሽማግሌው "ፊቱን ይዘህ የመጣኸው አንተ፤ እኔ ምን ላድርገው?" ይሉ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ካላደረግሁ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም። ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር ሲመጣ ኮቱን ከመስቀያ ሳይሆን ከፋይል እያወጣሁ ማልበስ ጀመርሁ፤ ጋቢ ለብሶ የገባ ሰው በሱፍና በከረባት ይወጣል። ሴቶቹ ደግሞ የፋሽን ፎቶ የሚባለውን ለመዱ። እጅ ወገብ ላይ፣ አንገት ዘንበል፣ ከጀርባ የዱባይ ፎቅ። ሁሉም ቀላ ለስለስ ያለች፣ አገጯ ሾጠጥ ያለ ልጅ መሆን ይፈልጋሉ። የጥሊሊዋም የዘንገናዋም ከእኔ ቤት ሲወጡ እህትማማች ይመስላሉ፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ደንበኛ ሲበዛ ኮምፒውተሩ እየሞላ አስቸገረኝና አንድ ልማድ አመጣሁ። ያሳመርሁትን ፎቶ በመጀመሪያው ላይ ደርቤ አስቀምጣለሁ፣ የመጀመሪያው ይጠፋል፤ የካሜራውንም ካርድ በየቀኑ አጸዳለሁ። ያልተነካውን ፊት ማን ይፈልገዋል ብዬ ነው።

ልጅቱን ያመጣት ደላላ ነው። አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ሴቶችን እኔ ዘንድ እያመጣ ያስነሳ ነበር፤ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ አንድ ደግሞ ሙሉ ቁመት፣ አሠሪዎቹ አይተው የሚመርጡበት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዘንገና ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግሯ መጥታ ነበርና ጫማዋን ደጅ ላይ ጠርጋ ገባች። ለሙሉ ቁመቱ ከፎቶ ቤቱ ልብስ ሰማያዊ ቀሚስ ሰጠኋት፤ ለብሳው መስታወቱ ፊት ሁለት ጊዜ ዞረች። ደላላው ጠጋ ብሎ "መስቀሏን አጥፋው። እዚያ አይወዱትም፣ ፎቶውን አይተው ይመልሱብኛል" አለኝ። ግንባሯ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ነበራት። በቀስታ ያወራ መስሎት ነው እንጂ እሷም ሰምታዋለች።

"ከፎቶው ነው እንጂ ከእኔስ አይጠፋም አይደል?" አለችኝ።

"ካንች ማን ያጠፋዋል" አልኋት።

ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አጠፋሁት፣ ደርቤ አስቀመጥሁት፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። በመካከሉ ኔትወርክ ጠፍቶ ብዙ ወር ከረመ፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ኖረ። በዚያ ሰሞን የልጁ ድምፅ የራቀበት ሰው ሁሉ "ኔትወርክ ነው" እያለ ይጽናና ነበር። ኔትወርኩ በተመለሰ በሳምንቱ አንዲት እናት ከወንድማቸው ጋር ወደ ፎቶ ቤቱ ገቡ። ወንድምየው ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ ለብሷል። እሳቸው ግን እንደ ገበያ ቀን ነበር የለበሱት።

ሰውየው ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት፤ ጥጉ ላይ የፎቶ ቤቴ ስም አለ። የላካት ቢሮ የጻፈው መልእክት ከሥሩ ተያይዟል፤ ልጅቱ ታማ አርፋለች፣ እዚያው ተቀብራለች ይላል። ከወራት በፊት የተላከ ነው፤ ስልኩ ላይ የገባው ግን ኔትወርክ ሲመጣ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ሲነግራቸው እናትየው "ፎቶዋን አሳዩኝ" አሉ። አዩትና "ይች የኔ ልጅ አይደለችም" ብለው ተነሱ፤ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ መለሱ። ከዚያ በፎቶ ቤቱ ስም ጠይቀው እኔ ዘንድ መጡ።

"ልጀ፣" አሉኝ፣ "ያነሳሃት አንተ ነህ አሉ። እስቲ ንገራቸው። መልኳ ልጀን ይመስላል፤ አልዋሽም፣ ይመስላል። ግን መስቀል የላትም። የኔ ልጅ መስቀል አላት። ወረቀቱ ተምታቶባቸው ነው፤ የሞተችው የሌላ ሰው ልጅ ናት፣ ነፍስ ይማር።"

ወንድምየው መሬት መሬቱን ያያል። ፈራሁ። አላስታውሳትም ብል የሚጠይቀኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ከተናገርሁ ደግሞ ልጃቸውን የምገድልባቸው እኔ ነኝ። "እናቴ፣ መስቀሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው።

አልገባቸውም። ወንድማቸው በአገውኛ አስረዳቸው። ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም እዚያው ላይ መስቀል አላቸው።

"እንግዲያው መስቀል ያለበትን አሳየኝ" አሉኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ፎቶው በልጅቱና በአባቷ ስም ተቀምጧል፤ ስሙን አነበብሁላቸው፣ "ስም ይመሳሰላል" አሉ። ያልተነካው ፎቶ እንደሌለ እያወቅሁ እሳቸው ፊት አንድ በአንድ ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ። በመጨረሻ የለም አልኋቸው።

"ከሌለህ፣ ምን ዓይነት መስቀል ነበር? ወዴት ነበር?"

ልጅቱ የጠየቀችኝ ጥያቄ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፣ ቀሚሱን ለብሳ መዞሯ ትዝ ይለኛል። መስቀሉን ግን ላጠፋው ብቻ ነበር ያየሁት። በዓመት ስንት ግንባር እንዳጸዳሁ እኔው አላውቅም። "መሐል ግንባሯ ላይ" አልሁ፣ የሁሉም እዚያ ነውና።

የእናትየው ፊት በራ። "አየህ!" አሉ ወደ ወንድማቸው ዞረው። "የኔ ልጅ ወደ ግራ ቅንድቧ ነው ያለው። ስትነቀስ እኔ ነበርሁ የያዝኋት፤ ፊቷን አዙራብኝ ተዛነፈ። ሌላ ልጅ ነው ያነሳ።"

ዝም ብዬ ብተወው ይሻል ነበር። የባሰውን ያበላሸሁት ከዚህ በኋላ ነው። እውነቱን ላሳያቸው ብዬ፣ እንዳሉት አድርጌ፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ የተዛነፈ መስቀል ሣልሁ። ቀለሙን ጠቆር አረንጓዴ አደረግሁት፣ ጠርዙን አደበዘዝሁት። የሙያዬ ነገር ሆኖ መሰለ። ወንድምየው ስክሪኑን ሲያይ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ "እሷ ናት" ብሎ ነጠላውን ፊቱ ላይ ከደነ።

እናትየው ግን የሚያዩት ስክሪኑን ሳይሆን እጄን ነበር።

"እንዲህ ከሆነማ በማንም ሰው ልጅ ላይ ትሥላለህ" አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። የሚያስፈልጋቸውን እንዳገኘ ሰው ተረጋግተው ነው የተናገሩት። "ሲያሻህ ታጠፋለህ፣ ሲያሻህ ትሥላለህ። በዚህ አምኘ ነው እንዴ ልጀን የምቀብራት?"

ሃያ ዓመት በሠራሁበት ሙያ እሳቸው በአንድ ጊዜ ያዩትን እኔ አላየሁትም ነበር። "እናቴ፣ በድያለሁ፤ ግን ልጅዎ ናት" አልኋቸው እንደገና። እንደማይሰሙኝ አውቄ ነው የተናገርሁት።

ወንድማቸውን ክንዱን ይዘው አስነሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር እኔን አንሳኝ። ልጀ ስትመጣ ባልቆያት እንኳ በፎቶው እንድታገኘኝ" አሉ። ኮርቻ ላይ የሚቀመጡ ይመስል ቀጥ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። መብራቱን ላስተካክል ስጠጋ እጄን ያዙኝ። "አንዲት ነገር እንዳትነካብኝ። እሷ የምታውቀኝ እንዲህ ነው።"

አነሳኋቸው። የፊታቸው መሥመር፣ ከንፈራቸው ላይ ያለው ድርቀት፣ ግንባራቸው ላይ የደበዘዘው መስቀል፣ ሁሉም እንዳለ ወጣ። ፎቶው እስኪታተም ድረስ ወንድምየው ውጭ ቆሞ አለቀሰ። እናትየው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት፣ መረቁኝና ወጡ።

ዘንገና ስሄድ አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ፤ ሰላም ይሉኛል። ልጅቱ እስከ ዛሬ አልተለቀሰላትም።