ጫማ አውልቁ ብለው የታሰሩት ሰው

ያስገቡኝ ክፍል ከዚያ በፊት የማሽላ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የነቀዝና የላብ ሽታ ተቀበለኝ። ግንቦት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። እኔ ደግሞ የደጋ ልጅ ነኝ፣ የቆቦን ፀሐይ ውጭ ሆኜም አልቻልኳትም።

ጥፋቴ ሕዝብ መሰብሰብ ነው ተባልኩ። የሰበሰብኩት ተማሪዎቼን ነው። ከመሬት በታች ያለ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ መብራት እንደሚሰጥ ካስተማርኳቸው በኋላ፣ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ከከተማው ውጭ ወዳለው ፍል ውሃ ወሰድኳቸው። ሙቀቱን ሊለኩ የመጡ ባለሙያዎችም እዚያው ደረሱ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ፊታቸው ቆመው፣ «ጠበል ነው፤ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» አሏቸው። «ድንጋዩ ያቃጥለናል» አሉ ባለሙያዎቹ። ነገሩ ከረረ፣ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ወሬው ቆቦ ሲደርስ «ልማት አደናቀፉ» የሚል ሆነ።

እኚያኑ ገበሬ ከመጋዘኑ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«መምህር፣ እውነት መብራት ይወጣዋል?»

«ሙቀቱ ከበቃ ይወጣዋል፣ ጋሼ።»

«ለኛ ነው ወይስ ባናታችን አልፎ ከተማ ይገባል?»

መጽሐፌ ይህን አይመልስም።

«ሚስቴ በኩራዝ ነው የወለደች። መብራት ጠልቼ ይመስልሃል? ጫማ አውልቁ ነው ያልኩ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። እሱ ነው ያስጨነቀኝ።

በማግስቱ ሁለታችንንም መርማሪው ዘንድ አቀረቡን። ለእኔ ወንበር ተሰጠኝ፤ እሳቸው ቆሙ።

«ሥራውን ያስቆመው እሱ ነው በል፣ ዛሬውኑ የማስተማሪያ ክፍልህ ትገባለህ» አለኝ መርማሪው። «እምቢ ካልክ እዚሁ ትከርማለህ።»

ፈራሁ። ክረምቱን እዚያ መጋዘን ውስጥ ሳሳልፍ ታየኝ።

«የከለከሉት ጫማውን ነው» አልኩ። «ጫማ አውልቃችሁ ለኩ አሉ እንጂ አትለኩ አላሉም። አጠገባቸው ነበርኩ።»

ከዚያ ተነሣሁና ወንበሩን ለሽማግሌው አስጠጋሁላቸው። መጀመሪያ መርማሪውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ መጥቶ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው።

ከሰዓት በኋላ እሳቸውን በፒካፕ ጭነው በወልድያ መንገድ ወሰዷቸው። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ከረምኩ። ስፈታ ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩኝ። ያውቃል ያልኩትን ሁሉ ስለ እሳቸው ጠየቅኩ፤ አየኋቸው የሚል አልተገኘም።

አሁንም አስተማሪ ነኝ። ያ ትምህርት ሲደርስ የከርሰ ምድር ሙቀት እንደማያልቅ፣ ጭስ እንደማያበዛ እናገራለሁ፤ እውነት ስለሆነ አምኜ ነው የምናገረው። «ጉዳቱ አነስተኛ ነው» ይላል ቀጥሎ መጽሐፉ። ተማሪዎቼ ይህችን መስመር ራሳቸው ያንብቧት እላለሁ። እኔ ጮክ ብዬ አንብቤያት አላውቅም።