ጫማ የሚወለቅበት ክፍል

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የቢሯችን ሰው ስልክ ሁሉ እኩል ይደውላል። የነሐስ ደወል ድምፅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳና ለመጥፋት ይዘገያል። ከዚያ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ዓይናችንን እንድንጨፍን፣ እግራችን ወለሉን ሲነካ ልብ እንድንል ትጠይቀናለች። ሴትዮዋ ሰው አይደለችም፤ ኮምፒውተር የሠራው ድምፅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጭንቀት እንዲቀንስልን ብሎ የገዛልን አፕ ነው። አሥር ደቂቃ እንቀመጥና ወደ ኢሜይላችን እንመለሳለን።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ ሲደወል ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር ሳወልቅ አይተሽ "ምነው?" አልሽኝ። "እግሬን አሞኝ ነው" አልኩሽ። አላመመኝም። አንቺ ገና መምጣትሽ ነው፤ እዚህ ኖርዝ ዮርክ፣ በሰው አገር፣ እዚህ ፎቅ ላይ፣ በአማርኛ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ደንግጬ ነው የዋሸሁሽ። ነገሩ ግን ረጅም ነው፤ ታገሺኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ክሬሰንት ታውን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አንድ የበረዶ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው ሀይዌይ ላይ ተንሸራተተና ሞተ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ለብዙ ሰው ስለተናገርኩት አሁን ስለው አድራሻዬን የምናገር ነው የሚመስለኝ።

ለቅሶ ደራሹ በበዛበት ሳምንት ሊፍቱ አልበቃ ብሎ ሰው በደረጃ ይወጣ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ሊያስለቅሷት የመጡት ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ እሷ ወንበር ታቀብል ነበር። "አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" ይሏታል። "እሺ" ትልና ሶፍት ታመጣላቸዋለች። አርባው እንዲህ አለፈ። ሁለታችንም ስሙን መጥራት ትተን "እሱ" እንል ነበር፤ የሱ ክፍል፣ የሱ ጃኬት።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ከምድጃው ላይ የሚፈላ ድስት በባዶ እጇ አንስታ ይዛው ቆመች። የጮህኩት እኔ ነኝ። መዳፏ ተልጦ እያየችው "አልተሰማኝም እኮ" አለችኝ፤ ስለ ሰው እጅ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ሐኪሙ ልቧን መረመረ፣ ደሟን መረመረ፣ ምንም የለባትም አለ። የሚዋጥ መድኃኒት ሲያዝላት እምቢ አለች። በመጨረሻ ለስምንት ሳምንት የሜዲቴሽን፣ የተመስጦ መማሪያ ክፍል ላካት። "ሃይማኖት የለበትም፣ ለማንም ሰው ይሆናል" አለኝ ለእኔ። የቀረን መንገድ ያ ክፍል ብቻ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሷንም እንዳላጣት። እንግሊዝኛዋ ከገበያ አያልፍምና አስተርጓሚዋ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ።

ክፍሉ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነበር። ከበሩ ውጭ የበረዶ ቦት ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ኮሪደሩ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። እናቴ የጫማውን ሰልፍ ስታይ ቆም አለች። ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች። ጫማዋን አወለቀች፣ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ የበሩን መቃን በግንባሯ ነክታ ተሳለመችው። ውስጥ ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ዞረው አዩን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ሳስበው ግን ምን ታድርግ? ከመኖሪያ ቤት ሌላ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር።

ገብታ ግድግዳውን ዞራ አየች። ነጭ ሰሌዳ፣ የእሳት አደጋ መውጫ ካርታ፣ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ።

"ሥዕሉ የት አለ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"የለም፣ እማዬ።"

"የማን ቤት ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ታዲያ ጫማችንን ያወለቅነው ለማን ነው?"

"ለምንጣፉ ነው" አልኳት።

አስተማሪዋ ፀጉሯን ሽበት የወረሰው፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያደረገች ፈረንጅ ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ስለሷ ክፉ የምናገረው የለኝም። ሁላችንንም ዝም አስብላ፣ እየዞረች በየመዳፋችን ላይ አንድ አንድ ዘቢብ አስቀመጠች። መጀመሪያ እንድናየው፣ ከዚያ እንድናሸተው፣ ከዚያ በዝግታ እንድናላምጠው ነው። በኋላ እንደሰማሁት በእንዲህ ያሉ ክፍሎች የተለመደ የመጀመሪያ ቀን ልምምድ ነው። እናቴ ግን ጫማዋን አውልቃ በጸጥታ መሃል ዘቢብ ሲሰጣት የታያት ሌላ ነው። የቁርባኑ ወይን ከምን እንደሚዘጋጅ ለአንቺ አልነግርሽም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ንስሐ ሳልገባ?" አለችኝ።

"ቁርባን አይደለም፣ እማዬ። እንዲሁ ዘቢብ ነው።"

"ቢሆንስ፣ ረቡዕ አይደል እንዴ?"

ጾሟን ነበረች። ሰዉ አንዷን ዘቢብ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያላምጥ እሷ ፋሻ በተጠቀለለበት መዳፏ ላይ ይዛት ተቀመጠች። አስተማሪዋ አይታት "እንዴት ያለ ትኩረት ነው!" አለች፤ የምሯን ነው። እናቴ ዘቢቧን በመሐረብ ቋጥራ ቤት ወሰደቻት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማትባ በላቻት።

ከዚያ ሳምንቶቹ መጡ። ትንፋሽሽን ተከተይ፤ ሐሳብ ሲመጣ እለፊው፤ ምንም አትለምኚ። ይቺን የመጨረሻዋን ስተረጉምላት ዓይኗን ገለጠች። "ሳልለምን እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?" "የፈለግሽውን ጸልዪ ብላለች" አልኳት። የመጀመሪያው ውሸቴ ያ ነው። ከዚያ በኋላ በልቧ እግዚኦታ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለአስተማሪዋ ትንፋሽ የምትቆጥር ይመስላት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ "ይኼ ነገር ከየት የመጣ ነው? ጠይቂልኝ" አለች። ጠየቅኩላት። አስተማሪዋ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ከቡድሃ መነኮሳት የተማረችው ነው፤ እዚህ ግን ስግደቱን፣ ዕጣኑን፣ ሐውልቱን ትተው የሚያድነውን ብቻ ነው ያስቀሩት። እናቴ አፍ አፌን ታያለች።

"ከሐኪሞች ነው የመጣው" አልኳት።

እውነቱን ብነግራት በዚያው ደቂቃ ጫማዋን አድርጋ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ብትወጣ ደግሞ ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም ነበር።

አልተሻላትም። በየሳምንቱ አስተማሪዋ "ሰውነታችሁ ላይ ምን ይሰማችኋል?" ትላለች። አንዱ አንገቴን ጨምድዶኛል ይላል፣ ሌላዋ እጄ ሞቀ ትላለች። የእናቴ ተራ ሲደርስ "ምንም" ትላለች። አስተማሪዋ ራሷን ነቅንቃ "ምንምም መልስ ነው" ትላለች። የክፍሉ ደንብ ታሪክ አለማውራት ነበር፤ ስለ ሰውነት እንጂ ስለ ኑሮ አይወራም። ስለዚህ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር የለበሰችውን ሴት ምን ሆነሽ ነው ያላት አልነበረም። እኔም ያኔ ነገሩ አልገረመኝም።

በስድስተኛው ሳምንት አስተማሪዋ አንድ ወረቀት አደለችን። እሷ የተማረችበትን ቤተ መቅደስ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ ይላል። በሰብዌይ ባቡር ስንመለስ እናቴ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ወርቃማ ሐውልት አለበት።

"ይኼ ማነው?"

ቀና ብዬ የጣቢያዎቹን ስም ማንበብ ጀመርኩ።

"ቡድሃ ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ዋሸሽኝ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ስንወርድ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ባለቤት አለዋ" አለች። "ቅዳሜ ውሰጂኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጫማዬን ያወለቅኩት ለማን እንደሆነ ልየው።"

ቤተ መቅደሱ ድሮ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ የነበረ አንድ ክፍል ነው። የፊት መስታወቱ በስስ ወረቀት ተሸፍኖ ብርሃኑ ወተት መስሎ ይገባል። ቤቱ ብርቱካን ልጣጭና የወለል ሰም ይሸታል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት እያስነኩ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። አስተማሪያችንም ከመሃላቸው ትሰግዳለች፤ ክፍላችን ውስጥ አንድ ቀንም ጎንበስ ስትል አይተናት አናውቅም።

"ይሰግዳሉ እንዴ!" አለች እናቴ። ደፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ጫማዋን አላወለቀችም።

"አትገቢም?" አልኳት።

"አልገባም። አሁንማ የማን ቤት እንደሆነ አወቅኩ።"

አንዲት ትንሽዬ መነኩሲት ወደ እኛ መጣች። ራሷን ተላጭታለች፣ ግራጫ ለብሳለች፣ በእጇ የቤት ነጠላ ጫማ ይዛለች። ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ እጅ ነሥታ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማሆይ" አለቻት። በቤተ ክርስቲያን ለሚመነኩሱት የምንለውን ነው ያለቻት፤ ሌላ ቃል አልነበራትም። መነኩሲቷ አልተከፋችም። ጥቁሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማን ሞቶባት ነው?" አለችኝ በሰባራ እንግሊዝኛ።

ተረጎምኩ። "ልጄ" አለች እናቴ።

"ስሙ ማነው?"

እናቴ ስሙን ተናገረች። ከሞተ ጀምሮ ከአፏ ሲወጣ መስማቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። መነኩሲቷ ስሙ እስኪስተካከልላት ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ ደወል ልደውልለት ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ አሁንም ሌላ አስተርጓሚ አልነበራትም።

"የእነሱ ጸሎት ነው፣ እማዬ" አልኳት። "ካልፈለግሽ እምቢ እላታለሁ።"

"ለልጄ ከሆነ ይደውሉለት" አለች። "እኔ ግን ከዚህ አላልፍም።"

ደወሉ ትልቅ ነበር። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ሲሚንቶው በጫማችን ሶል ሥር ተንቀጠቀጠ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ከነጫማዋ፣ ከነቦርሳዋ። ከዚያ ደረቷን መታች። ስሙን እየጠራች እንደዚያ ስታለቅስ የመንገዱ ሰው እየቆመ ያየን ነበር። አስተማሪዋ በካልሲዋ ወጥታ "አልጠየቅኳትም፣ አንድ ቀንም አልጠየቅኳትም" እያለች አጠገቧ ተቀመጠች። መነኩሲቷ ነጠላ ጫማውን እንደያዘች ቆማ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። እናቴ የምትለውን እየተከተልኩ አስተረጉም ነበር። "ልጄ፣ ልጄ ነው የምትለው" አልኳቸው። "ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ነው የምትለው" አልኳቸው።

እናቴ ወደ ክፍሉ አልተመለሰችም። ለነፍስ አባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስግደት አዘዙባት። እሷም በወንድሜ ክፍል ውስጥ ሰገደች። በሦስተኛው ቀን ብቅ ብላ "ጉልበቴን አመመኝ" አለችኝ። ትኩር ብዬ አየኋት። አመመኝ ነበር ያለችው። ቅባት አምጥቼ አሸሁላት። ከሜዲቴሽኑ ክፍል በኢሜይል ፎርም ላኩልን፤ የትኛው ልምምድ እንደረዳት ምልክት አድርጉ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ስም መጠየቅ የሚል ስላጣሁ ትንፋሽ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

የልብስ ማጠቢያው ሕንፃ ፈርሶ አሁን ኮንዶ ቆሞበታል። ደወሉ የት እንደደረሰ አላውቅም። አፑን መጥፎ ነው አልልሽም፤ እዚህ ቢሮ በሱ እንቅልፍ ያገኘ ሰው አለ። መጀመሪያ ሐውልቱን ተዉት፣ ከዚያ ምንጣፉንና ክቡን፣ አሁን ደግሞ ሰው የሆነችዋን አስተማሪም።

እናቴ ካለፈው ፋሲካ በኋላ አረፈች። ሰው መጣ፣ ቤቱ ሞላ፣ እኔ ወንበር ሳቀብል ዋልኩ። "አልቅሺ እንጂ" ሲሉኝ "እሺ" አልኩ። በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ረቡዕ ደወሉ ተደወለ፤ የአፑ ሴት አሁን ምን ይሰማሻል አለችኝ። ምንም። ጫማዬን አወለቅኩ። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ለማን እንደማወልቅ አላውቅም፤ ግን በየሳምንቱ አወልቃለሁ።

እዚህ ፎቅ ላይ ማን ሞተብሽ ያለኝ የለም፤ ደንቡም አይደል። ስለ ጫማዬ እንኳ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እስቲ ረቡዕ፣ ደወሉ ከመደወሉ በፊት፣ የእናቴን ስም ጠይቂኝ።