የቂብላው ግድግዳ

ፈይሩዝ ከወልድያ ተሳፍራ የትውልድ መንደሯ ግራና ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት የማስተርስ ማመልከቻ ነበር። አንደኛው የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ነው፤ እዚያው ወልድያ ቅዳሜና እሁድ የሚማሩት፣ የሥራ እድገትም የሚያስገኝ። ሁለተኛው የቅርስ ጥበቃ ነው፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ያስቀምጣል፣ ሥራው ደግሞ በመከራ ነው የሚገኘው። ዘመድ ሁሉ የመከራት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ጭራሽ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ከአባ ኡበይደላ በቀር ማንም አልታያት። እሳቸው ፊት መቆሙ ግን ከበዳት።

ቢከብዳት አይፈረድባትም። አባ ኡበይደላ የመንደሩን አሮጌ መስጊድ ሲመርጉ ያረጁ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ሴቱ ውሃ ይቀዳል፣ ወንዱ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ይረግጣል፤ እሳቸው በእጃቸው ዳብሰው «ደርሷል» ካላሉ ማንም ግድግዳ ላይ አያሳርፈውም። ፈይሩዝ በምህንድስና በተመረቀች በዓመቷ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አስቀረችው፤ በሲሚንቶ ለስኑትና ተገላገሉ አለች። የመንደሩ የተማረች ልጅ ናትና ሁሉም ሰማት። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ያዘ፤ የግድግዳው እንጨት ከውስጥ በሰበሰ፤ በሦስተኛው ክረምት በቂብላ በኩል፣ ሰጋጆች ፊታቸውን የሚያዞሩበት ግድግዳ ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም። የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ዝም አሉ እንጂ የወቀሳትም የለም። ዝምታቸው ግን እንቅልፍ ነሳት።

አባ ኡበይደላን ከፍርስራሹ አጠገብ ጭቃ ሲያቦኩ አገኘቻቸው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ ማመልከቻውን እንኳ ሳታወጣ ተናገረች።

«አባ፣ ግድግዳው የወደቀው በእኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በመጀመሪያው ክረምት ብዳብሰው ርሶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ የተማርሽ፣ እኔ ጭቃ አቡኪ። ማን ይሰማኛል ብዬ አፈርኩ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፣ ልጄ።»

አለቀሰች። ወቀሳ ልትቀበል መጥታ ሽማግሌው ጥፋቷን ተጋሯት። ከዚያ ስለ ትምህርቱ ነገረቻቸው። አሮጌ ቤት ማቆየት ትምህርት አለው ወይ ብለው ተገረሙ፤ ስንት ጊዜ እንደሚወስድም ጠየቁ። ሁለት ዓመት አለቻቸው።

«ሁለት ዓመት ልቆይሽ አልቆይሽ አላህ ያውቃል» አሉ። «ጫማሽን አውልቂና ጭቃው ውስጥ ግቢ።»

ገባች። ደከመኝ ብላ ልትወጣ ስትል፣ ገና አልደረሰም እያሉ ሦስት ጊዜ መለሷት።

የወልድያውን ማመልከቻ አልሞላችውም። በአዲስ አበባው ላይ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ የመስጊድ ግድግዳ በምክሯ መፍረሱን ጻፈች። የድጋፍ ደብዳቤውን አባ ኡበይደላ በቃል ነገሯት፣ እሷ ጻፈችው። ፊርማ ስለማያውቁ ከሥሩ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ጭቃ የለበሰ እጃቸውን መታጠብ እንዳለባቸው ያስታወሰ አልነበረም።