አጎቴ ልጄን ከካሜራው ያስተዋወቁ ዕለት

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ እህል በሚወቃበት ወራት፣ ልጄ ደብረ ታቦር ክርስትና ተነሣች። እናቴ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ ሕፃን ስለማያስገቡ የልጅ ልጇን ገና አላየቻትም። ያላት ተስፋ ፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶ አንሺው በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ነበሩ።

ቄሱ ማዕተቡን ሊያስሩላት ሲሉ አጎቴ ካሜራቸውን አነጣጠሩ። ካሜራው በራሱ ፎከስ ያደርጋል፤ ግን ዲያቆኑ የያዘው ባለዘርፍ ጥላ ከልጅቷ ፊት ነበረ።

“ዘርፉን አጥርቶ ልጅቷን አደበዘዘብኝ!” አሉ።

ደነገጥኩ፤ ያቺ ደቂቃ አትመለስም።

“ጋሼ፣ ራሱ ያስተካክል የለም እንዴ? ይጫኑት እንጂ!” አላቸው ባለቤቴ እየሳቀ።

“እሱማ ቅርብ ያለውን ነው ያየው። ልጅቷን እኔ ላስተዋውቀው!”

ቁልፉን በግማሽ እንደተጫኑ የሌንሱን ቀለበት በጣታቸው ትንሽ ዞር አደረጉት። ሁልጊዜም ልማዳቸው ይኸው ነበር፤ ካሜራው ይጀምርላቸዋል፣ የመጨረሻዋን በእጃቸው ያቀኗታል።

“መጣች! መጣች!” ብለው አነሡ። እኔም እልል አልኩ።

ዛሬ በክርስትናው ሁሉ ስልክ ይበዛል። እሳቸው ይቆሙበት የነበረው፣ ከክርስትና ቤቱ በር አጠገብ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ስለዚያች ቀን እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ጊዜ ፎቶውን በክርስትናው ዕለት ማታ አጥበው ሰጡኝ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄጄ በእናቴ መዳፍ ላይ አኖርኩት። “ዓይኗ የኔ ነው!” ብላ ከትራሷ ቀና አለች። እኔም ይህን ልነግራቸው ወደ አጎቴ ቤት ሮጥኩ።