ከዝግተኛው ሩጫ ኋላ፣ ከመካኒሳ አቦ እስከ ጀሞ

እሁድ፣ ከንጋቱ 11፡40፣ መካኒሳ አቦ

ከቤት ስንወጣ ቅዳሴው አላለቀም። የድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሞልቶታል። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። እኔ ከነጥቁር ልብሴ የጎረቤታችን የከድር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ሥር አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ጭኔ ላይ ሙዝ በፌስታልና የልጄ ሹራብ። አንዷ የእድራችን ሴት ቆም ብላ አየችኝ። "ገና ሰባት ወሩ እኮ ነው" ስትል ሰምቻታለሁ። ትበል። ባል የሞተብኝ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ልጄ ህሊና ከፊታችን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ማራቶኗን ትሮጣለች፣ ያውም በላቸው ከፈቀደ። በላቸው አሰልጣኟ ነው። "እሁድ ከቡድኑ ጋር ካልወጣሽ ስምሽን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ" ብሏታል። የእሱ እሁድ አስፋልት ላይ መብረር ነው።

የባሌ የታደለ እሁድ ሌላ ነበር። የሚያሰለጥናቸው ልጆች ሁለት ሰዓት ተኩል ይሮጣሉ፣ ግን እያወሩ መሮጥ እስኪችሉ ድረስ በዝግታ። በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ከሁሉም ደካማው ከፊት ይመራል፣ እሱን ማለፍ ነውር ነው። ታደለ ቀን ብረት ይበይድ ነበር፣ በማለዳ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ያሰለጥን ነበር። በላቸውም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። ዛሬ "የኤሊ ሩጫ" እያለ የሚስቅበትን ሩጫ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊት ሆኖ መርቶታል። ለምን ከፊት እንደነበረ አንባቢ ይገባዋል።

ስለዚህ ህሊናን "ዛሬ የአባትሽን ሩጫ ትሮጫለሽ" አልኳት። አልተከራከረችም።

12፡15፣ ወደ ሀይሌ ጋርመንት

ዝግታ ይህን ያህል ዝግ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ጎመን የተሸከመች ሴት በእግሯ ልትቀድመን ጥቂት ቀራት። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ጠራጊዎች አቧራውን ወደ መንገዱ ዳር ይገፋሉ፣ ነፋስ መልሶ ያመጣዋል።

"እትዬ ወርቄ፣ ልጅቷ አሟታል እንዴ?" አለኝ ከድር። የአራት ልጆች አባት ነው።

"አላመማትም። ልምምድ ነው።"

"እኔ እንኳ መስጊድ ስሄድ ከዚህ እፈጥናለሁ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ጋለብኝ እኮ።"

"ይጋል!"

"የእርስዎ ቢሆን እንዲህ አይሉም ነበር።"

ተናደድኩ፣ ግን አስረዳሁት። ታደለ ይል እንደነበረው ማራቶንን የሚሮጠው ረጅም ሰዓት መቆየት የለመደ ሰውነት ነው። ጅማትና አጥንት የሚጠነክሩት ቀስ ብለው ነው። በየሳምንቱ የሚያሳድዱት እግር በውድድሩ ቀን ይከዳል።

ከድር ሰማኝና መሪውን እንደያዘ ጠየቀ፣ "ታዲያ መፍጠኑን መቼ ነው የምትማረው?"

"መንገድህን እይ" አልኩት።

12፡50፣ ሀይሌ ጋርመንት

መስቀለኛው መንገድ ላይ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። "ጀሞ! ጀሞ! አንድ ሰው!" የተጠበሰ በቆሎ ሽታና የናፍጣ ጭስ ተደባልቋል። የበላቸው ቡድን ከኋላችን መጣ። አሥራ አንድ ሯጮች በአንድ መስመር፣ እግር በእግር፣ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ነው። ከኋላቸው ፒክአፕ ይከተላል። ጭነቱ ላይ ሁለት ሴት ልጆች ተቀምጠዋል፣ አንዷ ባቷን ታሻለች።

በላቸው በፒክአፑ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። "ህሊና! ብቻሽን ሮጠሽ አንደኛ ልትወጪ ነው?"

ሳቁ። ልጆቹ ሳቁ፣ አንዱ ረዳትም ነገሩ ሳይገባው ከሚኒባሱ በር ላይ ተቀበለ። "እህት፣ ግቢ! ቦታ አለ፣ እኛ እንሻላለን!"

ከባጃጁ ወረድኩ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። "አንተ! ታደለ የእግሩን ጫማ አውልቆ ያጠለቀልህ አይደለህም? አፈሩ ሳይደርቅ ትስቅበታለህ?" ማለቴን አስታውሳለሁ።

ፒክአፑን አቆመ። ሳቁ ጠፋ። "እትዬ ወርቄ፣ ጋሽ ታደለን አልወቅስም፣ ሙት አይወቀስም። ልጅዎ ግን ፍጥነት የላትም። ያዘገየኋት እኔ ነኝ?"

ወደ መኪናው ስጠጋ ህሊና ሄደች። የመስመሩ ጭራ ላይ ገብታ፣ ወደኋላ ሳታይ፣ ከነሱ ጋር ወደ ጀሞ ነጎደች። ያን ያህል ሰው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

"ተከተላት!" አልኩት ከድርን።

"ዋናው አስፋልት ላይ ባጃጅ ክልክል ነው፣ ትራፊክ ይይዘኛል።"

"ይያዝህ!"

1፡20፣ ጀሞ

ኮንዶሚኒየሞቹ አጠገብ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቡድኑ የለም። ጥሏት ሄዷል። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፣ ለእሷም ለእሱም የሚበቃ።

"አየሽ? አባትሽ ያለውን..."

"እማዬ፣ አራት ኪሎሜትር ነው አብሬያቸው የቆየሁት። አራት!" ድምፅዋ ከእኔ የባሰ የተቆጣ ነበር። "አባዬ ቀስ በሉ ያለው እሁድ ነው። ማክሰኞ ዳገት ያስወጣን ነበር። ሐሙስ እስክናስመልስ ነበር የሚያስፈጥነን። እሱ ከሞተ ወዲህ አንቺ ሳምንቱን ሁሉ እሁድ አደረግሽው።"

ከድር ወርዶ፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ ማየት ጀመረ።

ታደለ የሞተው ሐሙስ ነው። ሜዳው ዳር ቆሞ ሰዓት ሲይዝላቸው ወደቀ። ልብ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ልጄ እያለከለከች ቤት ስትገባ ማየት አልቻልኩም። "እግርሽ ይረፍ"፣ "ዛሬ ዝናብ አለ"፣ "ዛሬ ቤት እፈልግሻለሁ" እያልኩ ከፈጣኑ ቀን ሁሉ አስቀረኋት። በዝግታ ስትሮጥ ግን መረቅኋት። የአባቷን ቃል የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። ከቃሉ የጠበቅሁት ለእኔ ፍርሃት የሚመቸውን ቁራጭ ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ አሁንም ያቃጥለኛል። በላቸውም ነፃ አይወጣም፤ ፒክአፑ ላይ የተቀመጡትን ልጆች አይቻለሁ። እሱ እሁድን ገደለ፣ እኔ ሌሎቹን ቀኖች።

ውሃ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን አናቷ ላይ አፈሰሰች። ሙዙን አልፈለገችም።

"ስንት ቀረኝ?" አለች።

"አንድ ሰዓት።"

ተነሳች። መጀመሪያ አነከሰች፣ ከዚያ ተስተካከለች። በዚያው ዝግታ ወደ መካኒሳ አቀናች። ከድር አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተናገረም።

2፡35፣ መካኒሳ

ሰፈር ስንደርስ ፀሐዩ ጠንክሯል። ህሊና ዳገቱን እየጨረሰች ሳለ በራችን ላይ ወርጄ ለበላቸው ደወልኩ።

"ስሟን አውጥቼዋለሁ" አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

"መልሰህ አስገባው። እሁድን አትነካባትም፣ እሁድ በአባቷ ሥርዓት ትሮጣለች። ማክሰኞና ሐሙስ ግን አንተ ጋ ናት። ብትወድቅም፣ ብታስመልስም፣ መጥቼ አልወስዳትም።"

መኪና ውስጥ ያሉት ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

"እነዚያን እግራቸውን ያመማቸውን ልጆችም እሁድ ወደ እኔ ላካቸው" አልኩት።

"እሱን አስብበታለሁ። ማክሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ትምጣ። ካረፈደች ጥለናት እንሄዳለን።"

"አታረፍድም" ብዬ ዘጋሁበት።

ህሊና ደረሰች። ሰዓቷን አጠፋችና በሩን ተደገፈች። "ማን ላይ ነው እንደዚህ የምትጮኺው?"

"ግቢና ታጠቢ" አልኳት። "ማክሰኞ ዳገት አለብሽ።"